ጦርነት ሲመጣ ወርክሾፑን ወዴት? ዩክሬን ውስጥ ክልሎቹ የሚሰጡትና የማይሰጡት

ባለፈው ሳምንት ማታ ከዛፖሪዥያ አንድ የኛ ልጅ ደወለልኝ፣ እዛ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለው፣ ስድስት መስፊያ ማሽን፣ አንድ የጥልፍ ማሽን፣ ምናምን፣ አምስት ሴቶች ይሰሩለታል። "ጋሼ በቃ መሮኛል፣ ልወጣ ነው፣ ግን ወዴት ልሂድ? ልቪቭ ድጋፉ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ ዛካርፓቲያ ሼድ በነፃ ይሰጣሉ አለኝ" አለ። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው እኛም በ2022 ልክ እንደዚህ ነበር የጠየቅነው፣ ጥያቄውም ከመነሻው የተሳሳተ ነበር። ለሱ በድምፅ ሜሴጅ ሰባት ስምንት ጊዜ የላኩለትን እዚህ ልሰብስበው፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

እኔ በደርግ ጊዜ ሀርኪቭ ለትምህርት መጥቼ እዛው የቀረሁ ሰው ነኝ። የባለቤቴ ወንድም የፈርኒቸር ወርክሾፕ አለው፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ቁምሳጥን፣ የቢሮ ጠረጴዛ፣ እኔ ሂሳቡንና ወረቀቱን እይዝለት ነበር። ፌብሩዋሪ 24 2022 ጦርነቱ ሲጀምር 14 ሰራተኛ ነበረን። ሀርኪቭ ከሩሲያ ድንበር 40 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ ማለት መድፉ ሳይቀር ይደርሳል። ማርች ላይ ባራባሾቮ የሚባለው ትልቁ ገበያ ተመትቶ ሲቃጠል (መርካቶን አስቡት፣ የኛም ልጆች ቬትናሞችም ሁሉም የሚነግዱበት ነበር) አማቼ ጭሱን ከበረንዳ እያየ "ማሽኖቹን ማውጣት አለብን" አለ። እስከዛ ቀን ድረስ "ሁለት ሳምንት ነው ያልፋል" ነበር የሚለው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሰጥ እንለይ

ሰው ሁሉ "የትኛው ክልል ነው ብዙ ድጋፍ የሚሰጠው" ብሎ ይጀምራል። ችግሩ ግን ድጋፍ ከሚባለው አብዛኛው ከክልሉ አይመጣም፣ ከኪየቭ፣ ከማዕከላዊው መንግስት ነው የሚመጣው፣ ስለዚ የትም ሂድ የትም አንድ ነው። ይሄን ካልለየህ አንዱ ክልል ባለስልጣን ፌስቡክ ላይ የዘረዘረውን አይተህ ለሁሉም የሚሰጠውን ነገር የሱ ልዩ ስጦታ አድርገህ ትቆጥረዋለህ።

ማርች 2022 ላይ መንግስት ከጦርነት ቀጠና ድርጅቶችን ወደ ምዕራብ የማዛወር ፕሮግራም ጀመረ። ተቀባዮቹ በመጀመሪያ ዘጠኝ ክልሎች ነበሩ፣ ልቪቭ፣ ዛካርፓቲያ፣ ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ፣ ቴርኖፒል፣ ቼርኒቭትሲ፣ ኽሜልኒትስኪ፣ ቪኒትሲያ፣ ቮሊን እና ሪቭኔ። ፕሮዞሮ በሚባለው የመንግስት የጨረታ ሲስተም በኩል ፎርም ትሞላለህ፣ ምን ያህል ካሬ ቦታ ትፈልጋለህ፣ ስንት ኪሎዋት መብራት፣ ስንት ሰው ይዘህ ትመጣለህ፣ ዕቃህ ስንት ፉርጎ ይሆናል፣ ከዛ ክልሎቹ አይተው ቦታ ያቀርቡልሃል፣ ማጓጓዣው በመንግስት ባቡር በነፃ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለስትራቴጂክ ፋብሪካና መሰረታዊ ዕቃ ለሚያመርት ነው፣ ካቢኔት የሚሰራ ሰው ከኋላ ነው የሚሰለፈው፣ ያው ይገባኛል። በ2023 አጋማሽ 840 ገደማ ድርጅት በዚህ መንገድ ተዛውሮ ነበር፣ ከ600 በላይ የሚሆነው አዲሱ ቦታ ስራ ጀምሯል። የቀረውን እናንተ ቀንሱት። ከነዚህ ሩብ የሚሆነው ልቪቭ ነው የገባው፣ ዛካርፓቲያ ሁለተኛ።

ከኪየቭ የሚመጣው ሌላው ገንዘብ ነው። "5 7 9" የሚሉት ርካሽ ብድር ነበር፣ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወለዱን ዜሮ አደረጉት (ኋላ ላይ ዜሮው ቀርቷል)። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ከገቢህ 2 በመቶ ብቻ ከፍለህ የምትገላገልበት የግብር አማራጭ ነበር፣ እሱ ኦገስት 1 2023 ላይ አበቃ። ተፈናቃይ ለቀጠረ ድርጅት በሰው በወር 6,500 ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ ነው) ለሁለት ወር ይመልሱልህ ነበር፣ 6,500 ያኔ ዝቅተኛው ደሞዝ ማለት ነው። ከጁላይ 2022 ደግሞ ግራንት (ብድር ያልሆነ የመንግስት ድጋፍ) መጣ። ከዚህ ውስጥ ልቪቭ ሄደህ የሚጨምርልህ ቼርኒቭትሲ ሄደህ የሚቀርብህ ነገር የለም።

ታዲያ ክልሉ ራሱ ምን ይሰጣል ካላችሁ፣ ባዶ የሆኑ የድሮ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ዝርዝር ይይዛል፣ ከባለንብረቱ ጋር ያገናኛል፣ ለሰራተኛ ማደሪያ ይፈልጋል (ዶርም፣ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ ሳናቶሪየም፣ ማለት የማገገሚያ ማረፊያ)፣ የመብራት ድርጅቱን ይገፋል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። በጦርነቱ ህግ ከ23 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ከሀገር መውጣት አይችልም (እስከ ኦገስት 2025 ከ18 ጀምሮ ነበር)፣ ስለዚ ዕቃህን ወደ ፖላንድ ወይ ሮማኒያ የሚነዳ ሹፌር ካለህ "ሽልያኽ" የሚባለው ሲስተም ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ያንን ማን እንደሚያስገባልህ የክልሉን አስተዳደር ጠይቅ። ኤክስፖርት ለሚያደርግ ሰው ይሄ ከነፃ ባቡሩ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ባቡሩ አንዴ ነው ሹፌሩ ግን በየሳምንቱ ነው።

አንድ ቁጥር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ይቺን ሳላውቅ ነው ሁለት ወር የተንከራተትኩት። ዩክሬን ውስጥ ከሰራተኛ ደሞዝ ከሚቆረጠው የገቢ ግብር 64 በመቶው የሚገባው ለከተማው ወይም ለወረዳው ካዝና ነው። ስለዚ ከንቲባው የሚፈልገው ያንተን ማሽን አይደለም፣ በሱ ከተማ ተመዝግቦ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ነው። ቢሮ ገብተህ "ሶስት ማሽን አለኝ" ካልክ ወንበር አይሰጥህም፣ "14 ሰው እመዘግባለሁ፣ ስምንቱን ከዚሁ ከተማ እቀጥራለሁ" ካልክ ቡና ያስመጣልሃል። ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ በጣም ይሰራል። ትልቅ ከተማ እንዳንተ ያለው በቀን ሃያ ይመጣበታል።

ነፃ ባቡር ወይስ በራስ ገንዘብ መኪና

እኛ ባቡሩን ነው የመረጥነው፣ ነፃ ስለሆነ። ነፃ የሆነው ከሀርኪቭ ጭነት ጣቢያ እስከ እዛኛው ጣቢያ ያለው 1000 ኪሎሜትር ነው። ከወርክሾፑ እስከ ጣቢያ ያለው ዘጠኝ ኪሎሜትር ግን የራስህ ነው፣ እሷ ዘጠኝ ኪሎሜትር ናት ያደኸየችን። ክሬን ያለው ሰው ያኔ ከተማው ውስጥ ጥቂት ነበር፣ ዋጋውን በየቀኑ ነው የሚጠራው፣ በካሽ፣ ሳይረን ሲጮህ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ምድር ቤት ይገባል፣ የገባበትንም ሰዓት ያስከፍልሃል።

ኤፕሪል መጀመሪያ ነበር፣ ብርዱ ገና አልወጣም። ትልቁን መጋዝ፣ ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚቆርጠውን፣ ከመሬት ስንፈታው አራቱ ብሎኖች ዝገው እምቢ አሉ፣ አማቼ በፋሮ ብረት ከሁለት ሰዓት በላይ ታገላቸው። የፈታነውን ሁሉ በስልክ ፎቶ እያነሳን፣ ብሎኑን በፌስታል እየቋጠርን፣ ፌስታሉ ላይ በማርከር ቁጥር እየጻፍን ነበር፣ በራሳችን ኮርተን ነበር እንዲያውም። የጠርዝ ማጣበቂያውን ማሽን ግን ሙጫውን ሳናወጣ ነው የጫንነው፣ መንገድ ላይ ውስጡ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ደረሰ። የኬብሉ ሳጥን ደግሞ ጭራሽ አልደረሰም። ፉርጎ ውስጥ የሌላ ድርጅት ዕቃም አብሮ ነበር፣ ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቀው።

ስለዚ ምርጫው እንዲህ ነው፣ ዕቃህ ከባድ ከሆነና ሁለት ሶስት ፉርጎ ከሞላ ባቡሩን ውሰድ፣ በዛ ሰዓት ለዛ ሁሉ ዕቃ መኪና በራስህ መክፈል አይቻልም። ዕቃህ አንድ የጭነት መኪና ከሆነ ግን፣ እንደ ልጁ ስድስት መስፊያ ማሽን ማለት ነው፣ አረ በራስህ መኪና ሂድ፣ ተራ አትጠብቅ፣ ፎርም አትጠብቅ፣ ከበር እስከ በር ነው፣ አንተም ከዕቃው ጋር ነህ። ግን አደራ፣ በራስህ ብትሄድም ተፈናቃይ ድርጅት ተብለህ ተመዝገብ፣ አለበለዚያ ኋላ የክልሉ ቢሮ ስትሄድ "አንተ እኮ በፕሮግራሙ አልመጣህም" የምትባል ነገር ትመጣለች።

ክልሎቹን አንድ ባንድ

ልቪቭ። ሁሉም የሚያስበው ልቪቭን ነው፣ ከፖላንድ ድንበር 70 ኪሎሜትር ገደማ፣ ትልቅ ከተማ፣ ባንኩ፣ ጉምሩኩ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አይቲው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉ አለ። ፓርክ ውስጥ የሚገባ አምራች ከ2022ቱ ህግ ወዲህ ለ10 ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ ይሆናል (ትርፉን እዛው ኢንቨስት ካደረገ)። ግን እሱም የሀገር ህግ ነው፣ የልቪቭ አይደለም፣ ደግሞ ፓርክ ማለት ለብዙ ሺ ካሬ ለሚከራይ ነው እንጂ ለ14 ሰው ወርክሾፕ አይደለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም እዛ ስለሄደ ኪራይ ሰማይ ነካ። በ2022 ፀደይ ልቪቭ ውስጥ ለሰራተኛ ቤት ማግኘት ከሼድ ማግኘት ይከብድ ነበር፣ ስትሪይስኪ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ በፖላንድ እርዳታ ለተፈናቃይ የኮንቴይነር ቤት እስኪተክሉ ድረስ። ኤክስፖርት የሚያደርግና ገንዘብ ያለው ይሂድ። ለፖላንድ ብቻ የሚሸጥ ሰው ግን ኖቬምበር 2023ን ያስታውስ፣ የፖላንድ ሹፌሮች ድንበሩን ሲዘጉ መኪናዎች ለሳምንታት ተሰልፈው ነው የከረሙት። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት አትከራዩ እንደሚባለው ነው።

ዛካርፓቲያ። ከካርፓቲያን ተራራ ወዲያ ማዶ ናት፣ አራት ሀገር ትዋሰናለች፣ ፖላንድ፣ ስሎቫኪያ፣ ሀንጋሪ፣ ሮማኒያ። ከሁሉም ክልል ፀጥ ያለች እሷ ናት፣ ኋላ ላይ የሰዓት እላፊው እንኳን ተነስቷል፣ ይሄ ደግሞ የማታ ሺፍት ለሚያሰራ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላው ጋ ሰራተኛህን ከእላፊው በፊት ቤት ማድረስ አለብህ ወይ እዛው ማሳደር። ቾፕና ሙካቼቮ ላይ የአውሮፓው ጠባብ ሀዲድ፣ 1435 ሚሊሜትሩ ማለት ነው፣ ይገባል፣ የዩክሬኑ 1520 ስለሆነ ብዙ ሌላ ቦታ ድንበር ላይ ዕቃ ማገላበጥ ወይ ጎማ መቀየር አለ። ግን ወደ ሀገር ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ሩቅ ናት፣ ጭነቱ ሁሉ ተራራውን ማቋረጥ አለበት። ሰራተኛም ችግር ነው፣ የአካባቢው ሰው ድንበር ተሻግሮ ዩሮ መስራት ለምዷል፣ አንተ በሂሪቭኒያ ልትይዘው አትችልም። "ፍፁም ሰላም" የሚለውንም ቀነስ አድርጉት፣ ኦገስት 2025 ሙካቼቮ ያለው የአሜሪካኖቹ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ በሚሳኤል ተመቷል። ያ ልጅ "ሼድ በነፃ ይሰጣሉ" ያለው ደግሞ፣ በነፃ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዛ በኋላ ስንት እንደሚሆን በወረቀት ካልያዝክ ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው።

ቼርኒቭትሲ። እኛ መጨረሻ ላይ ያረፍነው እዚህ ነው፣ ስለዚ ባዳላ አትፍረዱብኝ። በስፋት ከሀገሪቱ ትንሹ ክልል ነው፣ ሮማኒያ ድንበር 40 ኪሎሜትር ገደማ። ቡኮቪና ይሉታል አካባቢውን፣ የቢች ዛፍ ሀገር ማለት ነው፣ እንጨት ለሚሰራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ። ቢሮው ትንሽ ስለሆነ ሁለተኛ ቀን ስትሄድ ስምህን ያውቁታል። ትልቅ ፋብሪካ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ትልቅ ሼድ ጥቂት ነው፣ ከ300 እስከ 700 ካሬ ለሚፈልግ ግን አለ። የጎደለው ባለሙያ ነው። የማሽን ኦፕሬተር ፈልገን ሶስት ወር ፈጀብን፣ መጨረሻ ላይ የቀጠርነው ሰው ድሮ ዳቦ ቤት ይሰራ የነበረ ነው፣ አስተማርነው፣ አሁን ከሁላችንም በልጧል። ደንበኞቻችን ደግሞ ሀርኪቭና ኪየቭ ነበሩ፣ እነሱን አጣናቸው፣ ሮማኒያ ውስጥ አንድ የሆቴል ዕቃ የሚያቀርብ ሰው እስክናገኝ ድረስ አንድ ክረምት ሙሉ ለተፈናቃይ ማደሪያ የሚሆን ድርብ አልጋ ስንሰራ ነው ያለፈው።

ኽሜልኒትስኪ። ለልጁ የነገርኩት ይሄን ነው፣ እሱ ጭራሽ አላሰበውም ነበር። ኽሜልኒትስኪ ትልቅ የልብስ ጅምላ ገበያ አላት፣ በዙሪያዋ የሚሰፋው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚ ክር፣ ጨርቅ፣ ዚፕ፣ ማሽን ጠጋኝ፣ ሁሉም በእጅህ ርቀት ነው፣ ሰፊ ሴት ለመቅጠርም ማስታወቂያ አያስፈልግህም። ለፈርኒቸር ምንም አይደለችም፣ ለስፌት ግን ከልቪቭ ትበልጣለች ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ድንበር ሩቅ ነው፣ ከልቪቭ ራሱ 240 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ውስጥ። ክልሉ ውስጥ ስታሮኮስትያንቲኒቭ የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር አለ፣ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከሱ ራቅ ብሎ ነው መከራየት።

ቪኒትሲያ ለመሃል ሀገር ገበያ ቅርብ ናት፣ ከተማዋ ንጹህ፣ አስተዳደሩም ቀልጣፋ ነው ይባላል፣ ግን ጁላይ 14 2022 መሃል ከተማዋ በሚሳኤል ተመትቶ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል፣ ምዕራብ ገባሁ ብለህ አትዘናጋ። ቴርኖፒልና ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ የልቪቭ ዋጋ የከበደው ሰው የሚሄድባቸው ናቸው፣ ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ እንጨትም አለው። ቮሊንና ሪቭኔ ቤላሩስን ይዋሰናሉ፣ በ2022 ከዛ በኩል ሁለተኛ ግንባር ይከፈታል ተብሎ ሁሉም ይፈራ ስለነበር እኛ ካርታውን አይተን አለፍናቸው፣ በቃ።

ሌላ አማራጭ ደግሞ አለ፣ ሩቅ አለመሄድ። ፖልታቫ ከሀርኪቭ 140 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ ሰራተኛህ ቅዳሜ ሄዶ እናቱን አይቶ ይመለሳል፣ ደንበኛህም ያው ነው። ጎረቤታችን የነበረ የፕላስቲክ መስኮት ሰሪ ይሄን ነው ያደረገው፣ በነፃ ባቡር አልሄደም፣ ዘጠኙ ክልል ውስጥም አልገባም፣ ሴፕቴምበር 2022 የዩክሬን ጦር የሀርኪቭን ክልል አብዛኛውን ሲያስለቅቅ ግማሹን ዕቃ በሳምንት ውስጥ መለሰ። በኋላ ደግሞ መስኮቱ ሁሉ የተሰበረበት ከተማ መስኮት ሰሪ ያስፈልገዋል አይደል፣ ከኛ ሁሉ ቀድሞ ገንዘብ ያየው እሱ ነው።

መብራት አለው

አሁን የምነግራችሁ የየት ክልል እንደሆነ አልጠራም፣ ያሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። መጀመሪያ ሄደን የነበረው ቼርኒቭትሲ አይደለም። ሌላ ቦታ "ዝግጁ ሼድ፣ 600 ካሬ፣ መብራት አለው፣ ውሃ አለው፣ የመጀመሪያው ሶስት ወር ያለ ኪራይ" የሚል ደርሶን፣ አማቼ በደስታ እጁን እያፋተገ ሄደን። የድሮ የሶቪየት የትራክተር መለዋወጫ መጋዘን ነው። መብራት አለው፣ እውነት ነው፣ አምፖል ይበራል። ስሪ ፌዙን ሳየው የተፈቀደለት 15 ኪሎዋት ነው። የኛ መጋዝ፣ የጠርዝ ማሽኑ፣ ኮምፕሬሰሩና የብናኝ መሳቢያው ብቻ ሲደመር 50 ይጠጋል። የመብራት ድርጅቱ ጋ ስንሄድ ትራንስፎርመር ይቀየር፣ ፕሮጀክት ይሰራ፣ ወጪው በናንተ፣ ጊዜው አይታወቅም። ፎርሙ ላይ እኮ ኪሎዋቱን ጽፌያለሁ፣ ቁጥሩን ማንም አላነበበውም። ሰባት ሳምንት እዛ ተቀመጥን፣ ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አምስቱ ሰራተኞች (ከ14ቱ አብረውን የመጡት አምስት ናቸው) የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ እየተኙ። ሁለቱ ከዛው ወደ ጀርመን ሄዱ፣ ሴቶች ስለነበሩ መውጣት ይችላሉ፣ ማን ይፈርድባቸዋል።

ስለዚ ሼድ ስትመርጡ፣ ክልሉ የሚያቀርበው ይሁን የግል ይሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከካሬው በፊት የተፈቀደውን ኪሎዋት የሚያሳየውን ውል በፎቶ አስልኩ። ቃል አይደለም፣ ወረቀቱን። ከዛ ጣራውን፣ ከዛ በሩን (ማሽኑ በበሩ ካልገባ ግድግዳ ልታፈርስ ነው)። የክልሉ ሼድ ርካሽ ነው ግን ብዙ ዓመት የተዘጋ ስለሆነ ጥገናው ያንተ ነው፣ የግሉ ውድ ነው ግን ትናንት ሰው ይሰራበት የነበረ ነው። እኛ ቼርኒቭትሲ ላይ የግል ነው የያዝነው፣ ባለቤቱ አራተኛው ወር ላይ ኪራይ ጨመረብን፣ ውሉ ላይ የመጨመሪያ ጣሪያ አላስቀመጥንም ነበር፣ የኛው ስህተት ነው። ከኦክቶበር 10 2022 ጀምሮ ደግሞ ሩሲያ የመብራት ጣቢያዎቹን መምታት ስትጀምር ኪሎዋቱም ሁሉም ሰዓት የሚመጣ መሆኑ ቀረ፣ ያኔ ጀነሬተር ውጭ ማስቀመጫ ቦታ ያለው ሼድ ንጉስ ሆነ። የኛ ነበረው፣ በአጋጣሚ እንጂ አስበንበት አልነበረም።

ብድር ወይስ ግራንት

አጭር ነው። ብድሩ ወለዱ ዜሮም ቢሆን ባንኩ ማስያዣ ይፈልጋል፣ ያንተ ማስያዣ ደግሞ ሀርኪቭ ያለ ህንፃ ነው፣ የትኛው ባንክ ነው በመድፍ ርቀት ያለ ህንፃ የሚይዝልህ? መንግስት እስከ 80 በመቶ ድረስ ዋስትና ይገባ ነበር፣ እሱ ረድቷል፣ ቢሆንም የሚያገኘው ከጦርነቱ በፊት ከባንኩ ጋር የቆየ ሰው ነው። ግራንቱ ዲያ በሚባለው የመንግስት ድረገፅ ነው የሚሞላው፣ በ2022 ለጥቃቅን እስከ 250,000 ሂሪቭኒያ፣ ለአምራች ፋብሪካ እስከ 8 ሚሊዮን ነበር። ትልቁ ያኔ ግማሹን ራስህ ታወጣ ነበር፣ 25 የስራ ቦታም ትከፍት ነበር፣ ስለዚ ለኛ ቢጤ አልነበረም። ትንሹ ግን አንድ ሁለት ሰው ቀጥረህ ግብር ከከፈልክ አይመለስም፣ ለልጁ በትክክል የሚሆነው እሱ ነው። ብቻ ግራንቱ ለዕቃ መግዣ እንጂ ለዘጠኝ ኪሎሜትሯ ክሬን አይሆንም። ደግሞ ጁላይ 21 2022 ሂሪቭኒያው ከ29 ወደ 36.57 ለአንድ ዶላር ሲወርድ በሂሪቭኒያ የተጻፈው ቁጥር ባለበት ቆሞ የጣሊያን ማሽን መለዋወጫው ባንዴ ዘለለ፣ እና ውጭ የሚገዛ ነገር ካለህ ግራንቱ በገባ ቀን ግዛ። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር የምትሞሉበት ቀን ያለውን ድረገፁ ላይ አንብቡ፣ የ2022ቱን ከኔ አትቅዱ።

ሰው

ከሁሉም ክልል ከሁሉም ሼድ የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ማሽን ይፈታል ይታሰራል፣ ሰው ግን እናቱ አለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት አለ። የኛ ጎበዙ ኦፕሬተር አልመጣም፣ እናቱ ሳልቲቭካ በሚባለው የሀርኪቭ ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት አይሰራም፣ እሳቸው አይወርዱም፣ እሱም አይሄድም። ሌላው ወንዶቹ አዲስ ክልል ሲገቡ ወታደራዊ ምዝገባ ማደስ አለባቸው፣ ያንን ፈርቶ የማይንቀሳቀስ ብዙ ነው። ድርጅትህ "ወሳኝ" ተብሎ ከተመደበ መዝገብ ላይ ካሉት ወንዶች እስከ ግማሾቹን ከምልመላ ማስቀረት ትችላለህ፣ ይሄን ወሳኝነት ለመወሰን የክልሉ አስተዳደር ድምፅ አለው፣ ስለዚ ቢሮ ስትገባ ስለ ሼድ ብቻ አትጠይቅ፣ "እንደኔ ያለ ድርጅት እዚህ ክልል ወሳኝ የሚባለው በምን መስፈርት ነው" ብለህ ጠይቅ። አንዱ ክልል ከሌላው በእውነት የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

ልጁ ጋ አምስቱም ሴቶች ናቸው፣ ሶስቱ ልጅ አላቸው። እሱ ስለ ሼድ ነው የሚጨነቀው፣ መስፊያ ማሽን እኮ ከቤት ሶኬት ይሰራል፣ አፓርታማ ምድር ቤት ውስጥም ይበቃዋል። መጀመሪያ መዋዕለ ህፃናት ፈልግ አልኩት። "ጋሼ ስለ ቢዝነስ እየጠየቅኩህ አንተ ስለ መዋዕለ ህፃናት" ብሎ ሳቀብኝ። በነጋታው ሴቶቹን ሰብስቦ ኽሜልኒትስኪ ቢላቸው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እሱው ሆነ፣ አሁን ማክሰኞ አንዷ ቀድማ ሄዳ ልታይ ነው፣ ቲኬቷን እሱ ቆርጦላታል።